እንዳላየ ማለፍ

ባለፈው ጥር ወር፣ ሐሙስ ምሽት፣ ፍሬድሪክ በምትባለው የሜሪላንድ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቡና እያፈላሁ ሳለሁ የማውቃቸው ሰው በሩ ላይ ቆመው አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ቡናው ማሽን መለስኩና የወረቀት ኩባያዎቹን አንድ በአንድ እየለየሁ መደርደር ጀመርኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ወለሉ ላይ የቀለጠ በረዶ የተወው የጫማ ዱካ ብቻ ቀርቷል፤ ዱካው ሁለት እርምጃ ገብቶ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የሆነው ሦስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ያ ክፍል መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ክፍል ነበር፤ ሰውየው በእጃቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደመጡ ወዲያው ገብቶኛል። እኔም ከአራት ወር በፊት እንደዚያው ወረቀት ይዤ እዚያው በር ላይ ቆሜ ነበር። እንግዲህ በዚያ ሰዓት አንድ ቃል፣ ቢያንስ አንድ ቀና ያለ ፊት ልሰጣቸው ስችል ወደ ኩባያ ማየቴ ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ቀናት እንቅልፍ ነሳኝ።

ይህን የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ማንነታቸውን ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ።

ርቆ መሄድ

ለምን እጠጣ እንደነበር አልዘረዝርም። ስደትን የሚያውቅ አንባቢ ሳልነግረው ይረዳዋል። የምሠራው በአንድ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። ሌላው ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ እኔ መጋረጃ ዘግቼ መለኪያ እቀዳ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነበር፤ ኋላ ግን እጄ ሳይንቀጠቀጥ ቁልፌን ከኪሴ ለማውጣት ሆነ።

ለማቆም ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። አገር ቤት ሄጄ እንጦጦ ጸበል ገብቻለሁ፤ ስለት ተስያለሁ። የንስሐ አባቴ እስከ ፋሲካ ድረስ ገዝተውኝ ግዝቱን አንድም ቀን አላፈረስኩም፤ ከፋሲካ ማግስት የሆነውን ግን ለማስታወስ እንኳ እፈራለሁ። ጸበሉም ግዝቱም ጥፋት እንደሌለባቸው አሁን በደንብ ይገባኛል። ያጣሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ግዝቱ ባለቀበት ቀን ጠዋት ደውዬ «ዛሬ ፈራሁ» የምለው ሰው።

ባለፈው መስከረም ደግሞ ለማንም ሳልናገር በአንድ ጀምበር አቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ወደቅኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሰውነቴ ሲንፈራገጥ ደርሶ አምቡላንስ ጠራልኝ። ሆስፒታል ያከመችኝ ሐኪም የነገረችኝን ነገር እስከ ዛሬ ለማገኘው ሰው ሁሉ እናገራለሁ፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ ነገር ሊይዘው ይችላል፤ ቀጥሎም የማይታየው የሚታይበት፣ የማይሰማው የሚሰማበት፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው የሚችል መቃዠት ሊመጣ ይችላል። እኛ ዘንድ «ወንድ ከሆንክ በአንዴ ተው» የሚለው ምክር የጀግና ምክር ይመስላል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ግን የሞት ምክር ሊሆን ይችል ነበር። እዚያ በመድኃኒት አረጋግተው አምስት ቀን አቆዩኝ፤ ስወጣ ናልትሬክሶን የተባለውን የመጠጥ አምሮት የሚቀንስ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋም «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃህም፤ ሰው ያስፈልግሃል» ብላ መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበትን ማኅበር፣ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስን ስብሰባዎች እንዴት እንደማገኝ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

ማግኘቱ ከባድ አልነበረም። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ያለህበትን ቦታ አይቶ የትኛው ስብሰባ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚካሄድ፣ ማንም ሰው ሊገኝበት የሚችል ክፍት ስብሰባ ይሁን ወይም መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ የተዘጋ፣ በአካል ይሁን በኢንተርኔት ያሳይሃል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ጸጥ ሲል የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ስልኬን ደብቄ ከፈትኩት። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ቤቴ የሚቀርበው ስብሰባ በእግር ሰባት ደቂቃ ይወስዳል፤ እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ፊት ለፊት ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ፊት ለፊት መሆኑን ሳይ ስልኬን ዘጋሁት። ከዚያ እንደገና ከፍቼ ሐበሻ ሊኖርበት የማይችል ቦታ ፍለጋ ካርታውን ወደ ሰሜን እየገፋሁ ሄድኩ፤ ፍሬድሪክ ላይ ቆምኩ። አርባ ማይል ያህል ይርቃል፤ በሀይዌይ 270 መንገዱ ሲቀና ሃምሳ ደቂቃ፣ ሲዘጋ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ ግን መድኃኒቱን ራሱን ተደብቄ ልወስድ ነበር የተነሳሁት።

የአባት ስም የማይጠራበት ክፍል

ስለ ክፍሉ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ሃያ የሚሆኑ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ የቡና ማሽን፣ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፉት፣ ማኅበሩ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተላቸው አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች። አንድ ሰው መክፈቻውን ያነባል፤ አባል ለመሆን የሚጠየቀው ብቸኛ ነገር መጠጥ የማቆም ፍላጎት መሆኑን፣ የመግቢያም የአባልነትም ክፍያ እንደሌለ ይናገራል። ከዚያ የፈለገ ይናገራል፤ ያልፈለገ «ዛሬ አዳምጣለሁ» ብሎ ያልፋል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አያርምም። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ነበር። ያደግሁት «ምከረው ምከረው፣ ካልሰማ መከራ ይምከረው» እየተባለ ነው፤ እኔም ሁለቱንም በበቂ ሁኔታ ቀምሻለሁ። ሳይመከር የሚደመጥ ሰው ያየሁት ግን እዚያ ነው።

መጨረሻ ላይ ቅርጫት ይዞራል። ሰው አንድም ሁለትም ዶላር ይጥላል፤ ያ ገንዘብ የክፍሉን ኪራይና የቡናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ደግሞ አይቀበሉም። ቅርጫቱ እጄ ላይ ሲደርስ እድራችን ነው ትዝ ያለኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ሕዝብ ይህን ዓይነቱን ስብስብ ከማንም በላይ ልንረዳው እንደሚገባ አሰብኩ። እናቴ የነበረችበትን የጽዋ ማኅበርም አስታወስኩ፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ተረኛዋ ትደግሳለች። እዚህም ተረኛ አለ። ከመጠጥ ርቄ ሦስት ወር ሲሞላኝ የሐሙስ ቡና አፍሊ እንድሆን ተጠየቅሁ፤ ለረጅም ጊዜ የታመነብኝ ነገር ስላልነበረ ከበድ ያለ ሹመት የተቀበልኩ ያህል ተሰማኝ።

ሥራዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ የጥናት ማስረጃም ፈልጌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን በተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም የወጣ ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሰዎችን ወደዚህ ማኅበር የሚያስገቡ የተደራጁ መርሃ ግብሮች ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች በተሻለ ብዙ ሰው ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ እንዲታቀብ እንደሚረዱ አግኝቷል። ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለት አይደለም፤ ጥቂት መጥቶ የማይመለስ ብዙ አለ፤ ሌላ ዓይነት ቡድን የሚስማማውም አለ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው ደግሞ «ጸበልህንም ጠጣ፣ ስብሰባህንም ሂድ» አሉኝ፤ ጉዳዩም በዚሁ አለቀ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት በሦስተኛው ሐሙስ ነው። እዚያ ሰው የሚጠራው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ነው፤ ለፈረንጆቹ ይህ የቤተሰብ ስማቸውን መተው ነው፤ ለእኔ ግን የአባቴን ስም ውጭ ትቼ የመግባት ያህል ነበር። ቀለለኝም፣ ከፋኝም። ከዚያ «አይ አም አን አልኮሆሊክ» አልኩ። ሁሉም በስሜ ጠርተው ሰላም አሉኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለማለት ሞከርኩ፤ አፌ ውስጥ ያገኘሁት ቃል ግን «ሰካራም» የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሕመም ሳይሆን ስድብ ነው። ልጅ ሆነን መንገድ ላይ የሚንገዳገድ ሰው ስናይ ከኋላው እየተከተልን የምንጮኸው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ስላላቆሰለኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ታማሚ ሆኜ፣ በአማርኛ ጤነኛ እንደሆንኩ አራት ወር ቆየሁ።

ጨዋነት የምንለው

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው ጋሼ በሩ ላይ የቆሙት። ጋሼ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ መርዶ የሚነገረውን ሰው አስቀምጠው፣ ውሃ አስይዘው፣ ቃሉን ቀስ አድርገው የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሲጠጡ አይቼ አላውቅም። በኋላ ሳሰላስለው ግን ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድመው እንደሚወጡ፣ ማስቲካ ከአፋቸው እንደማይለይ ትዝ አለኝ፤ አይቼው ኖሮ ያላየሁት ነገር ነው።

እንዳላየ ማለፍን የተማርኩት ከእናቴ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ቅዳሜ ሌሊት ሰዎች ደግፈዋቸው ነበር የሚመጡት። እናቴ ድምፃቸውን ከሩቅ ስትሰማ ትነሳና መስኮቱን ቀስ ብላ ትዘጋለች፤ ኩራዙን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኛን ልጆቿን በዓይኗ «ዝም» ትለናለች። ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደሩ?» ትላቸዋለች፣ ከሌሎቹ ቀኖች ይልቅ በለሰለሰ ድምፅ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። የእናቴ ጨዋነት የዚህን ያህል ጥልቅ ነበር፤ የሰውን ገመና አይታ አታውቅም። ሰውየው በሃምሳ ዓመታቸው ጉበታቸው አብጦ ሞቱ። ለቅሶ ላይ «ድንገተኛ ሕመም ነው» ተባለ፤ እናቴም አብራ አለች። ከሁላችን መካከል አንድ ቀን እንኳ፣ በቀን ብርሃን፣ በፍቅር፣ «ምን ሆነህ ነው?» ያላቸው ሰው አልነበረም።

እናቴን ልወቅስ አይደለም። ያኔ ሌላ ምን ልታደርግ ትችል ነበር? የምትሸኝበት ቦታ፣ የምትጠቁመው በር አልነበራትም፤ ያላት ነገር መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነበር፤ እሱንም በፍቅር አደረገችው። እኔ ግን በዚያ ሐሙስ የቆምኩት በሩ ውስጥ ነበር። የመሸፈን ልማዴ ግን ቦታውን አልለየም፤ እጄ በራሱ ጊዜ መስኮት ዘጋ። ይባስ ብሎ፣ ዓይኔን የመለስኩት የጋሼን ገመና ለመሸፈን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሳቸው እኔን እንዳያዩኝ ነበር። ሁለታችንም ከአንድ ሰፈር፣ አንዳችን ከሌላው ስንሸሽ፣ አርባ ማይል ነድተን እዚያው በር ላይ ተገናኘን።

እርግጥ ነው፣ ላነጋግራቸው ብሞክርም ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ አላሳረፈኝም።

የሆቴሉ ሎቢ

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሼ አልመጡም። በዚያ ሳምንት ማኅበሩ የሚጠቀምበትን ሰማያዊ ሽፋን ያለውን መጽሐፍና የማኅበሩን ታሪክ ሆቴል ይዤ እየገባሁ ሌሊት ሌሊት አነብ ነበር። ከጠረጴዛዬ በስተግራ የሆቴሉ ቡና ቤት አለ፤ ከዘጋ በኋላ እንኳ ከጠርሙሶቹ ጀርባ ያለው ሰማያዊ መብራት አይጠፋም። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጬ ስለነበር ይሆናል፣ ማኅበሩ የተጀመረበት ታሪክ ሌላ ቦታ ሆኜ ባነበው ኖሮ የዚህን ያህል አይዘኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነበር። ለንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለችው አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት፤ በሜይፍላወር ሆቴል ሎቢ ውስጥ ብቻውን ቀረ። በአንድ በኩል ከቡና ቤቱ የሰው ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይመጣል፤ በሌላው በኩል ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። የጠየቀው ነገር ግን «እርዱኝ» አልነበረም፤ «የማነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ» ነው ያለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመሩት ሄንሪታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት ዘንድ ደረሰ፤ እሷም ሮበርት ስሚዝ ከተባለ፣ መጠጥ ሥራውን ሊያሳጣው ከተቃረበ ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኘችው። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጣ፤ ለ6 ሰዓታት ያህል ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ወድቆ ተነሳ፤ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይቆጠራል።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና ሰማያዊውን መብራት ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ያስጨነቀኝ ጋሼን ምን ባደርጋቸው እረዳቸዋለሁ የሚለው ነበር። ቢል ዊልሰን ግን ስልኩን ያነሳው ራሱ እንዳይጠጣ ነበር። እኔም እኮ ለአሥራ አንድ ቀናት እንቅልፍ ያጣሁት፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ ከሥራ ስወጣ በመጠጥ መሸጫው በኩል ዞሬ ያለፍኩት በጋሼ አዝኜ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተናገርኩትን ነገር በአማርኛ የሚያውቅልኝ አንድም ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ለስፖንሰሬ ደወልኩለት። ስፖንሰር የምንለው በዚህ መንገድ ቀድሞን የሄደ፣ ሲጨንቀን የምንደውልለት ሰው ነው፤ የእኔው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የሐበሻን ነገር፣ እድሩን፣ የጋሼን ክብር ሁሉ ዘርዝሬ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ ያየኸውን ለማንም አትናገር፣ ለእሳቸውም ቢሆን ስለ እሳቸው አትናገር፤ ስለ ራስህ ብቻ ንገራቸው አለኝ።

ስልኩ

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ደወልኩ። ጋሼ ስልካቸውን የሚያነሱት ሁልጊዜ በመርዶ ድምፅ ነው፤ ሥራቸው ስለሆነ።

«አቤት ልጄ፣ ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው ጋሼ፤ ማንም አልሞተም።»

ዝም አሉ። ስለ ሐሙስ እንደምናገር ጠብቀው ይሆናል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከመደወሌ በፊት የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ «ሰካራም» የሚለውን ጽፌ ሰርዤ፣ «የአልኮል ሱሰኛ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ የሬዲዮ ዜና ይመስላል። ወረቀቱን እያየሁ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ያልጻፍኩት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ መጠጥ ያሸነፈኝ ሰው ነኝ።»

ከየት እንደመጣ አላውቅም። እናቴ ስለዚያ ጎረቤታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር የምትለው ነው፤ «ምስኪን፣ መጠጥ አሸነፈው» ትል ነበር። በውስጡ ስድብ የለበትም። ታግሎ የወደቀ ሰው አለበት። አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች የሚጀምሩትም ከዚሁ ነው፤ በአልኮል ፊት አቅም እንደሌለን አመንን ይላል የመጀመሪያው። አራት ወር ሙሉ በእንግሊዝኛ ስፈልገው የኖርኩት ቃል የእናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቃሉን ሰጥታኝ ነበር፤ ያልሰጠችኝ ለራሱ ለሰውየው ማለትን ነው።

ከዚያም ሁሉንም ነገርኳቸው፦ መጋረጃውን፣ ግዝቱን፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ መውደቄን። ስለ በሩ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አሉ።

«እኔንም» አሉ።

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ለስንት ሰው መርዶ ያረዱ ሰው የራሳቸውን በአንድ ቃል ተናገሩት። እኔ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፤ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ፤ ብቻዎን እንዳያቆሙ፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ሄድን።

ሁለት ሰዎች

ከሆስፒታል ወጥተው ሐኪማቸው መንገዱን ከፈቀደላቸው በኋላ ባለው ሐሙስ እኔ እየነዳሁ ፍሬድሪክ ደረስን። ጋሼ ግን ከመኪናው ሊወርዱ አልቻሉም። «እንግሊዝኛዬ ለሥራ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም» አሉኝ። አላስገደድኳቸውም። ማሞቂያውን ከፍቼ፣ ከቤት ባመጣሁት ፔርሙዝ ቡና ቀዳሁላቸው። ክዳኑን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ቡናው ጠርዙ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እስኪረጋ ድረስ ሁለታችንም አየነው። ዓይኔን አላዞርኩም።

በማኅበሩ ሕግ ከመጠጥ ለመራቅ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት በዚያ በመካከላቸው እሆናለሁ» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል በግዕዝ አሉትና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ተናገሩ። ምን እንዳሉ አልጽፍም፤ የተነገረው እዚያው ይቀራል። በአማርኛ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዷል፤ አላቋረጥኳቸውም፤ አልመከርኳቸውም። የመኪናው መስታወት በትንፋሻችን ጉም ለብሶ ከውጭ ማንም ሊያየን አይችልም ነበር።

ለስድስት ሳምንታት ያህል እንዲሁ መኪና ውስጥ ተገናኘን። በሰባተኛው ጋሼ ራሳቸው ደውለው «ለምን አርባ ማይል እንነዳለን? ቤንዚኑም ገንዘብ ነው» አሉኝ። የትኛውን ስብሰባ ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እሳቸውም እንደኔው መጀመሪያ ያዩት የሰፈራችንን ኖሯል።

አሁን የምንሄደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፣ በእግራችን። ጋሼ እስካሁን በእንግሊዝኛ ስማቸውን ብቻ ነው የሚናገሩት፤ የቀረውን ስንመለስ መንገድ ላይ በአማርኛ ይነግሩኛል። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ስንወርድ እንጀራ የምትሸጥልን ሴት ሱቋን ልትዘጋ መጋረጃውን እያወረደች ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየችን፤ ከየትኛው በር እንደወጣንም አየች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ መጋረጃው መለሰች። ጋሼ መንገዱን ተሻገሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «እንዴት አመሸሽ ልጄ? ካልመሸብሽ አምስት እንጀራ ስጪኝ» አሏት።